የገና እንግዶቼን ደብረ ብርሃን ላይ ምን ላሳያቸው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም በዚሁ ከተማ በመንግሥት ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ዘንድሮ ገናን ከእናታችን ጋር ለማሳለፍ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ልጆቹ የ12 ዓመት ሴትና የ8 ዓመት ወንድ ናቸው። ከበዓሉ በኋላ ሦስት ቀን ይቆያሉ። ባለቤቱ በስልክ «ከብርዱ ሌላ ምን ይታያል?» ብላ ስትስቅ ሰምቼ ቅር ብሎኛል፤ ግን መልስ አላገኘሁላትም። ወንድሜ በሦስቱ ቀን መንዝ ጓሳን፣ አንኮበርንና ደብረ ሊባኖስን አዳርሰን እንድንመለስ ይፈልጋል። እናታችን 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የአንኮበር ተወላጅ ስለሆኑ ግን «እኔን ጥላችሁ እንዳትሄዱ» ብለውናል። የወንድሜ መኪና ለስድስት ሰው ስለማትበቃ ሚኒባስ መከራየታችን አይቀርም፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ግን አልተነጋገርንም። ምን ይመክሩኛል?

ውድ ጠያቂያችን፤

የወንድምዎ ባለቤት ጥያቄ ከሳቋ ጋር ቢመጣም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። በደሴ መንገድ ለሚያልፍ ሰው ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ነፋስ የሚገርፋት፣ ምሳ ተበልቶባት የምትታለፍ ከተማ ትመስላለች። እንዲህ ያለው መንገደኛ የማያውቀው፣ ያ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደተሄደ በድንገት እንደሚያልቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ አንኮበር ወይም በደሴ መንገድ ወዳለው ወደ ጣርማ በር ሲኬድ መሬቱ እንዲያውም ከፍ እያለ ሄዶ ከ3,000 ሜትር ያልፍና፣ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ ወይና ደጋው፣ ከወይና ደጋው ሥር ቆላው፣ ከቆላው ማዶ ደግሞ ወደ አዋሽና ወደ አፋር የተዘረጋው በረሓ በአንድ እይታ ይገኛሉ። የእናንተ አገር ዋና ትርኢት ይህ አፋፍ ነው ብዬ አምናለሁ። አንኮበርም፣ ጣርማ በርም፣ ጓሳም የተደረደሩት በዚሁ በአንድ አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱን በእርጋታ ያየ ሰው ሦስተኛውን ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው ብዙ አይጎድልበትም። ምክሬም ከዚህ ይነሣል፤ ወንድምዎ ካሰቧቸው ሦስት ቦታዎች ሁለቱን ይተዉ።

መጀመሪያ የሚተወው ደብረ ሊባኖስ ነው። ገዳሙ በሰሜን ሸዋ ስም ቢጠራም የሚደረሰው በጎጃም መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ወንድምዎ ከገዛ ቤታቸው ማልደው ተነሥተው በዕለቱ ሊመለሱበት የሚችሉትን መንገድ ከደብረ ብርሃን ዞረው የሚሄዱበት ምክንያት የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተና በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፉበት ቦታ ደግሞ በጥድፊያ ተደርሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚወጣበት አይደለም።

ጓሳን መተው ለወንድምዎ ይከብዳቸው ይሆናል፤ እኔም ቦታውን አቅልዬ አልመለከተውም። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው ቄሮ በተባለ የራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በስምምነት ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮም፣ ጭላዳም፣ ጅብራም እዚያ አሉ። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ደርሶ፣ ወደ መንዝ ታጥፎ፣ በዚያው ቀን መመለስ ማለት ልጆቹ ከጓሳ ይልቅ የመኪና መስኮት ሲያዩ መዋል ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚታየው ማልዶ እዚያው ለተገኘ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጓሳ የሚኬደው ለማደር ታስቦ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ብርድ የ8 ዓመት ልጅ ይዞ እዚያ ማደርን ደግሞ የወንድምዎ ባለቤት የምትፈቅድ አይመስለኝም፤ በዚህስ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ይህን የምለው ቀምሼው ነው። ከዓመታት በፊት ከሩቅ የመጡ ዘመዶቼን ለማስደሰት ብዬ በአንድ ቀን አንኮበርንም ጣርማ በርንም ላሳይ ተነሣሁ፤ አንኮበር ላይ «እንቸኩል፣ እንቸኩል» ስል ቆየሁና ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን እንኳ ማየት አቃተን። አንዲት ሕፃን መኪና አጥወልውሏት ስታስመልስ፣ አዋቂዎቹ ተኮራርፈው ስንመለስ፣ ያየነው ሁሉ ተደባልቆብን ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ከአንድ መንገድ በላይ አልይዝም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ቀን ለአንኮበር ይስጡ፤ ያንን ቀን ደግሞ ለእናትዎ ይስጡ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ብትነሡ ውርጩ ሲለቅና ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር በገብስና በባቄላ ማሳዎች መካከል ትሆናላችሁ፤ ወቅቱ የውቂያ ስለሆነ መንገድ ዳር በሬዎች በአውድማ ላይ ሲዞሩ ካያችሁ መኪናውን አስቁሙ። ባለቤቶቹን ሰላም ብላችሁ ልጆቹ ለሩብ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ። የአዲስ አበባ ልጅ ገብስን የሚያውቀው ከቆሎና ከበሶ ነውና ይህ ብቻውን አንድ ጉብኝት ይሆንለታል።

የአንኮበር ስም ራሱ የቦታውን ሥራ ይናገራል። የአገሩ ሰው አንኮ የምትባል ባላባት መንገደኛውን የምታስቀርጥበት በር ስለነበረ ነው ይላል፤ ታሪኩን እናትዎ ከእኔ በተሻለ ያጫውቷቸዋል። በእርግጥም በር ነበር፤ ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ ያቋረጠ ነጋዴ ደጋውን የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ከአሳል ሐይቅ የተቆረጠው ጨው ወደ ሸዋ የገባው፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና፣ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት፣ ባሪያው የወጣው በዚያው ቁልቁለት ነበር። ለዚህ ነው የሸዋ ነገሥታት አፋፉ ላይ የተቀመጡት፤ በረሓው ከፊታቸው ተዘርግቶ የሚመጣውን ከሩቅ ያያሉ፣ የቆላ ወባ አይደርስባቸውም፣ ቀረጡም በደጃቸው ያልፋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ በነገሡበት ዘመን የእንግሊዝ መልእክተኞች በዚሁ መንገድ ወጥተው በኅዳር 1834 ዓ.ም. ውል ተፈራርመዋል። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ከገቡ በኋላ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ እስኪዛወሩ ድረስ መናገሻቸው አንኮበር ነበር። ለ12 ዓመቷ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመተ ምሕረት ከመዘርዘር ይልቅ ኮረብታው ላይ አቁመው «ንጉሥ ብትሆኚ ቤትሽን እዚህ የምትሠሪው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋትና መልሱን ከሚታየው ገደል ራሷ ትፈልገው።

ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ፍርስራሽ ጥቂት ነው፤ በኮረብታው ላይ አሁን የቆመው በጥንቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ ነው። ይህን አስቀድመው ለወንድምዎ ባለቤት ቢነግሯት መልካም ነው፤ ጎንደርን ያየ ሰው ግንብ ጠብቆ ሄዶ ሲያጣ ያዝናል፣ አፋፉን ጠብቆ የሄደ ግን አያዝንም። ወደ ኮረብታው መውጣት በእግር ስለሆነ እናትዎ ሊሞክሩት አይገባም፤ እሳቸው ከታች ባሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅጥር፣ ፀሐይ በሚደርስበት ቦታ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይቀመጡና እርስዎ አብረዋቸው ይቆዩ። ልጆቹ ከኮረብታው ሲወርዱ ቀጣዩን ጉብኝት የሚመሩት እሳቸው ይሁኑ። የተወለዱበት ቤት በየት በኩል እንደነበር፣ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በየትኛው ቁልቁለት ይወረድ እንደነበር በእጃቸው ያመልክቱ፤ ልጅቷም በስልኳ ድምፃቸውን ትቅዳ። አንድ ነገር ግን ወንድምዎን አደራ ይበሏቸው፦ እናትዎ አንድ ንጉሥ ከሌላው ቢያምታቱ ወይም ዘመኑን ቢያፋልሱ በልጆቹ ፊት እንዳያርሟቸው። ትክክለኛው ዓመተ ምሕረት ከመጽሐፍ ይገኛል፤ የእናትዎን የገበያ መንገድ ግን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅላችሁ የለም።

እናትዎ የአንኮበር ተወላጅ ስለሆኑ ወደ አልዩ አምባ መውረድ ሳይፈልጉ አይቀሩም ብዬ ገምቻለሁ። የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ፣ የአርጎባ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች አገር ስለሆነ ቢታይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያንን ቀን በቁልቁለትና በዳገት ከሞላችሁት የእናትዎ ጉልበት ማታውኑ ይናገራል። ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱት፤ መንገዱ ደህና ከሆነና ሰዓቱ ገና ከሆነ ብቻ በመኪና ወርዳችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ወፍ ዋሻ የሚባለውን ጥንታዊ ደንም ከዚያው አካባቢ በሩቁ ታዩታላችሁ። በአፈ ታሪክ የመናገሻ ደን ጥድ የበቀለው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስወሰዱት ዘር ነው ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸውና በትምህርት ቤት ሽርሽር መናገሻን አይተውት ከሆነ ይህ ወሬ ደስ ይላቸዋል። በደኑ ውስጥ በእግር መሄድ ግን የአካባቢ መሪ የሚያስፈልገው የሌላ ቀን ሥራ ነው። ለትንሹ ልጅ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ፦ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኝ ግራጫ ቡናማ ትንሽ ወፍ አለች። ሳይንስ ያወቃት ገና ከ50 ዓመት ገደማ በፊት እዚያው አንኮበር ላይ ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ውስጥ ዘር ስትለቅም ሊያያት ይችላል፤ ባያያትም ሲፈልጋት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ዝም ይላል።

ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከገና የተረፈው ድፎ ዳቦና ወጥ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል! ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ጾም ነውና ሽሮና ድንች ይሁን። ሙቅ ሻይ በፔርሙዝ መያዙን አይርሱ። በ9 ሰዓት ከአንኮበር ተነሡ።

ሁለተኛውን ቀን እናትዎ ቤታቸው ይረፉና እናንተ ወደ ጣርማ በር ሂዱ። በዚህ ቀን ማለድ ያስፈልጋል፤ ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ስለሚወጡ፣ ሣር እየነጩ በቡድን ተቀምጠው የምታገኟቸው ያኔ ነው። ጎፈሩ እንደ አንበሳ የወረደለት ወንዱ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ የሚኖረውም በሣር ነው። ዳቦና ሙዝ መወርወር እንስሳውን መኪና ማሳደድ ያስተምረዋልና ልጆቹን አስቀድመው ይከልክሏቸው። ገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሹን ልጅ አንድ አዋቂ እጁን ይያዘው፤ እዚያ አጥር የለም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ ይመጣል። ልጆቹ ከደጋው ብርድ ገብተው በዚያኛው አፍ ሲወጡ አገሩ በአንድ ጊዜ ከእግራቸው ሥር ሲወድቅ ያዩታል፤ የዚያን ጊዜ እርስዎ ምንም ማብራሪያ አይስጡ። ጉም ከወረደ ግን ዕድላችሁ ነው፤ ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ቀስ ይበል እንጂ አትመለሱ፤ አንዳንድ ጊዜ አፋፉ ላይ የተኛው ጉም ጥቂት ቁልቁል እንደወረዱ ከላይ ይቀራል። ከደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ደብረ ሲና አለች፤ እዚያ የሚገዛው ቆሎ መሆኑን ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግርም። ከአንዷ ሻጭ ብቻ ግን አይግዙ፤ በመኪናው መስኮት የከበቧችሁ ሁሉ ያያሉ።

የወንድምዎ ባለቤት ብርድ ከጠላች ከደብረ ሲና 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ምሳ ብሉ። ከጠዋቱ ውርጭ ተነሥቶ በቀትር ሹራብ አውልቆ ጥላ መፈለግ፣ በአንድ ቀን ደጋንም ቆላንም መልበስ ማለት ነውና «ከብርዱ ሌላ ምን ይታያል?» ላለችው መልሱ ይህ ነው። ሽንኩርትና ፍራፍሬ ከዚያው ይግዙ። በመልሱ ግን ዳገቱን ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተንፏቀቁ መውጣት ስላለ ከ8 ሰዓት ባታልፉ ይሻላል።

ለሦስተኛው ቀን ሚኒባስ አትከራዩ፤ ከተማ ውስጥ ስለምትውሉ የወንድምዎ መኪና ይበቃል። ጠዋት በዚያው በከተማዋ ሥላሴን ተሳልማችሁ የከተማዋን ስም ታሪክ ንገሯቸው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1456፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት፣ መቀመጫቸውም አደረጉት። በዚያው ዓመት ሃሌ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ማለፉን ያስተዋሉ ሊቃውንት ብርሃኑ እሱ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዜና መዋዕሉ ግን ብርሃኑን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት፣ ንጉሡ ያሳደዷቸው መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው ከመሞታቸው ጋር ያያይዘዋል፤ ይህንኛውን ለልጆቹ ባይሆንም ለወንድምዎ ያንሡላቸው፣ በመንገድ ላይ የሚያወሩበት ነገር ያገኛሉ። በከተማዋ ዳር ያለችውን ልቼን ማንሣትም ይቻላል፤ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ዮሐንስ የገበሩትና የሸዋ ንጉሥነታቸው የጸደቀላቸው በዚያ ነው። ከዚያ ገበያ ገብታችሁ የወንድምዎ ባለቤት ባና ወይም በርኖስ ትምረጥ፤ የመንዝ በግ ጠጉር መሆኑን እየዳሰሰች ታረጋግጥ። ከምሳ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ አንጎለላ በመንገዳቸው በኩል ስለሆነ፣ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበትን አካባቢ ለግማሽ ሰዓት አይተው ማለፍ ይችላሉ። ከአንኮበር በኋላ ስለሚሆን ልጅቷ የሰውየውን ጉዞ ከልደቱ እስከ አዲስ አበባ ራሷ ትገጣጥመዋለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ስለ ወጪው ያልተነጋገራችሁት እርስዎ «አስተናጋጅ ነኝ» ብለው፣ ወንድምዎም «ታላቅ ነኝ» ብለው እየተጠባበቃችሁ ይመስለኛል። እሳቸው ሳይመጡ ስልክ ይደውሉና «የሁለቱን ቀን መኪና አንተ ቻል፤ ስንቁን፣ ቆሎውንና የእማዬን ነገር ሁሉ እኔ እችላለሁ» ይበሏቸው። እንዲህ ሲከፋፈል ማንም አይከብደውም፤ ጓሳና ደብረ ሊባኖስ መቅረታቸውንም በዚያው ጥሪ ቢነግሯቸው መኪናው አጠገብ ቆማችሁ ከመከራከር ትድናላችሁ። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ ነዳጁና የመቆያ ሰዓቱ በዋጋው ውስጥ መሆናቸው በግልጽ ይነገር።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ እስከማዘጋት ይደርስ እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ በየዋዜማው ምሽት መናኸሪያ ወርደው ከዚያው መንገድ በዕለቱ የተመለሱ ሹፌሮችን ይጠይቁ። «ዛሬ አይኬድም» ካሉ የሦስተኛውን ቀን ዕቅድ ወደ ፊት ያምጡት፤ ሥላሴና ገበያው የትም አይሄዱም። ሚኒባሱን ግን ለገና ዋዜማ ሳያቆዩ ከአሁኑ ይያዙ፤ በበዓል ሰሞን ጥሩ ሹፌር የሚገኘው ቀድሞ ለተናገረ ነው። የፊተኛው ወንበር የእናትዎ መሆኑንም በዚያው ይንገሩት።